አንድ ዓይናው የዳቴ አለቃ እንዴት በአልጋው ሞተ?

ሰኞ፣ ዮኔዛዋ

ከቶኪዮ ወደ ሰሜን የተሳፈርኩበት ባቡር ፉኩሺማ ላይ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ግማሽ ቀጥ ብሎ ወደ ሰንዳይ ሄደ። የኔው ዞሮ ተራራ መውጣት ጀመረ። ወሩ ኅዳር ነው። የዛፉ ቅጠል በሙሉ ቀልቷል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ደግሞ በረዶ ጣል ጣል ብሎበታል።

የመጣሁት አንድ ሰው ፍለጋ ነው። ዳቴ ማሳሙኔ ይባላል፤ የዳቴ ቤት 17ኛ አለቃ። ጃፓን ውስጥ የማያውቀው የለም። አንድ ዓይናው ዘንዶ ይሉታል። እኔን ግን የሳበኝ ጀግንነቱ አይደለም፤ ጀግና በዚያ ዘመን ሞልቶ ነበር። አብዛኛው በጦር ሜዳ አለቀ፣ ወይም ሆዱን በገዛ እጁ ቀደደ፣ ወይም የገዛ ዘመዱ ጨረሰው። ይሄ ሰውዬ ግን አንገቱ ሊቆረጥ ጫፍ ላይ እየደረሰ፣ እየተረፈ፣ በሦስት ሾገኖች (አገሩን የሚገዙ የጦር መሪዎች) ዘመን ኖሮ በ68 ዓመቱ ታሞ ሞተ። እንዴት ቻለበት? በየቦታው እየሄድኩ ማየት የፈለግኩት ያንን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማሳሙኔ የተወለደው በ1567 እዚህ ዮኔዛዋ ነው። ከጣቢያው ወደ ቤተ መንግሥቱ ቦታ ሄድኩ። ዛሬ መናፈሻ ሆኗል። በውሃ የተሞላው ጉድባ አለ፣ ቀይ ድልድይ አለ፣ መሃሉ ላይ የሺንቶ፣ የጃፓኖች የጥንት እምነት፣ መቅደስ አለ። ችግሩ፣ መቅደሱ የእሱ አይደለም። ሐውልቱም፣ ባንዲራውም፣ የሚሸጠው ከረሜላም የሌላ ቤት ነው፤ የዑዌሱጊ። ማሳሙኔ እዚህ መወለዱን የሚናገር አንድ ድንጋይ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ፈልጎ ላላገኘው ሰው አይታይም። ምክንያቱን ነገ እነግራችኋለሁ፤ ባጭሩ ግን ርስቱን ተነጥቆ ነው የወጣው።

የሕፃንነት ስሙ ቦንቴንማሩ ነበር። ገና ልጅ ሳለ ፈንጣጣ ያዘውና የቀኝ ዓይኑ ጠፋ። አባቱ ቴሩሙኔ አንድ የዜን (የቡድሃ እምነት ዘርፍ) መነኩሴ ቀጥሮ አስተማረው። በ1579፣ በ12 ዓመቱ፣ ከጎረቤት የታሙራ ቤት አንዲት ልጅ አጋቡት፤ ሜጎሂሜ ትባላለች። ጋብቻ ማለት ያኔ የጦር ውል ነው። የገዛ እናቱ ዮሺሂሜም የመጣችው ከጠላት ቤት፣ ከሞጋሚ ነው። አንድ ጊዜ ወንድሟና የዳቴ ጦር ተፋጥጠው ሳለ፣ መሃል ሜዳ ላይ በቃሬዛ መጥታ ተቀምጣ አልነሳም ብላ ጦርነቱን አስቀርታለች። የዚህችን ሴት ነገር ያዙልኝ።

የቤት አለቃ ሲባል ጎራዴ የታጠቀ ጎበዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መሬት ያከፋፍላል፣ ይዳኛል፣ ግብር ይሰበስባል፣ ለመቶዎች ሎሌዎች ሩዝ ይሰፍራል። ከበላዩ ያለው ሲጠራው ደግሞ ሚስቱንና ልጁን መያዣ አድርጎ ይልካል። ማሳሙኔ ይህን ሁሉ በ1584 ተረከበ። ገና 17 ዓመቱ ነበር። አባቱ ታሞም ሞቶም አይደለም፤ ገና በ40ዎቹ መጀመሪያ ሳለ “በል አንተ ያዘው” ብሎ ጡረታ ወጣ።

ማታ የዮኔዛዋ ሥጋ በላሁ። ውድ ነው፤ ግን እውነቱን ለመናገር ዋጋው ይገባዋል።

ማክሰኞ፣ በፉኩሺማ በኩል ወደ ሺሮይሺ

ፉኩሺማ ላይ ባቡር እስኪቀየር ቡና ይዤ ቁጭ አልኩ። ከዚህ በስተደቡብ አቡኩማ ወንዝ አጠገብ ነው አባትየው ያለቀው። ታሪኩ ክፉ ነው።

ማሳሙኔ አለቃ በሆነ በዓመቱ፣ በ1585፣ ከድቶኛል ያለውን ሹም አሳድዶ ኦቴሞሪ የሚባል ምሽግ ሰበረ። ከዚያ ለአጎቱ ደብዳቤ ጻፈ። ከ1,000 በላይ ሰው አስገደልኩ፣ ሴትና ሕፃኑን ተዉት ውሻ እንኳ አላስተረፍኩም ይላል። ቁጥሩ የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን። ሰው በ18 ዓመቱ የሚኩራራበትን ነገር ግን ይመርጣል፤ እሱ የመረጠው ይህን ነው።

ዜናው ጎረቤቶቹን አስደነገጠ። አንዱ የኒሆንማጹ ጌታ ዮሺጹጉ ነበር። እጅ ሰጠ፣ አብዛኛው መሬቱ ተወሰደበት። ለማመስገን መጣሁ ብሎ ጡረተኛው ቴሩሙኔ ዘንድ ገባ። ሊሰናበት ሲል አንቆ ያዘው፤ ጎራዴ መዝዞበት እየጎተተ ወደ አገሩ ወሰደው። ማሳሙኔ በጭልፊት አደን ላይ ነበር። ደርሶ ሲያገኛቸው ወንዙ ዳር ናቸው፤ ከተሻገሩ አለቀ። የዳቴ ሰዎች ተኮሱ። አጋቹም ታጋቹም ሞቱ።

ትእዛዙን ማን ሰጠ? አንዳንዱ መዝገብ አባትየው ራሱ “እኔን አትዩ፣ ተኩሱ” ብሎ ጮኸ ይላል። ሌላው ማሳሙኔ በጊዜው አልደረሰም ይላል። እኔ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ መጀመሪያ የሚሞተው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ሺሮይሺ ትንሽ ከተማ ናት። በየመንገዱ ዳር ቀጭን ቦይ ይፈሳል። ግንቡ ጉብታ ላይ ነው፤ በ1995 በጥንቱ መንገድ በእንጨት መልሰው ሠርተውታል። ቦታው የካታኩራ ካጌጹና ነበር፤ የማሳሙኔ ቀኝ እጅ። የበሰበሰውን ዓይን በስለት ያወጣለት እሱ ነው የሚል ወሬ አለ። ይሄ ተረት ይመስለኛል፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የካታኩራ ትልቁ ሥራ ሌላ ነው። 1590። ማሳሙኔ ከአንድ ዓመት በፊት የአሺና ቤትን ሱሪያጌሃራ ላይ ደምስሶ ግዛቱን አይዙን ይዟል። በ22 ዓመቱ የሰሜን ኃያል ሆኗል። ችግሩ፣ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የቀረውን ጃፓን ጠቅልሎ የመጨረሻውን ምሽግ ኦዳዋራን ከቧል፤ ሁሉም አለቃ መጥቶ ይስገድ ብሏል። ጦርነት ክልክል ነው ካለ በኋላ ነው ማሳሙኔ አይዙን የያዘው። ይሂድ ወይስ ይዋጋ? ካታኩራ “የእሱ ጦር ዝንብ ነው፤ ብታባርረው ተመልሶ ይመጣል” አለው ይባላል።

ሄደ። ግን በጣም ዘግይቶ። ሂዴዮሺ ተናዶ አላየውም አለ። ማሳሙኔ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሞቱን አምኖ የመጣ ሰው ለብሶ ቀረበ፤ ነጭ በነጭ፣ መግነዝ እንደማለት። ሂዴዮሺ በዱላው አንገቱን ነካ ነካ አድርጎ “ትንሽ ብትቆይ ኖሮ እዚች ጋ አደጋ ነበረባት” አለው ተብሎ ይተረካል። ነፍሱ ተረፈች። አይዙ ግን ተወሰደበት።

በሚቀጥለው ዓመት የባሰ መጣ። በስተሰሜን ያመጹትን ገበሬዎችና የድሮ ሹማምንት ከጀርባ የቆሰቆሰው እሱ ነው ተባለ፤ ደብዳቤውም ተያዘ። ፊርማው የመርፌ ቀዳዳ ስለሌለው የእኔ አይደለም ብሎ ተከራከረ ይላሉ። ፊርማው የወፍ ቅርጽ አለው፤ በእውነተኛው ላይ የወፏ ዓይን በመርፌ ይወጋል ነው ነገሩ። ወደ ፍርዱ ሲሄድም በወርቅ የተለበጠ መስቀል አስይዞ ሄደ ይባላል፤ መሰቀያዬን ይዤ መጥቻለሁ ለማለት። እዚህ ላይ ተረቱና እውነቱ የተቀላቀለ ነው። ውጤቱ ግን የተመዘገበ ነው፦ ሕይወቱ ተረፈ፤ ዮኔዛዋን ጨምሮ የአባቶቹ ርስት ተወስዶ በዓመጹ ወደ ፈረሰው አገር፣ ኢዋዴያማ ወደሚባል ቦታ ተዛወረ።

አሁን እናቲቱ። የቤቱ የኋላ ጸሐፊዎች ኦዳዋራ ሊሄድ ሲል ትንሹን ልጇን ለማንገሥ መርዝ ሰጠችው፣ እሱም ወንድሙን ገደለ ይላሉ። ለዘመናት ሲወራ ኖሯል። ነገር ግን በ1593 ሂዴዮሺ ወደ ኮሪያ ያዘመተው ጊዜ ያቺው እናት ደብዳቤና 3 ሪዮ (የዚያ ዘመን ገንዘብ) ወርቅ ላከችለት። እሱም ለእሷ የሚሆን ስጦታ ፍለጋ አገሩን እንዴት እንዳሰሰ የሚናገር ረጅም መልስ ጻፈላት። መርዛ የሳተችውን ልጅ ስንቅ የምትልክ እናት እኔ አላውቅም። ብዙ የዛሬ ተመራማሪዎችም የመርዙን ነገር ይጠራጠሩታል።

ምሳ ዑመን በላሁ። ጣት የሚያክል አጭር ፓስታ መሳይ ነው፤ ሲሠራ ዘይት አይነካውም። ለሆድ ሕመምተኛ የተፈለሰፈ ነው አሉኝ፤ ጣዕሙም ያንን ያሳብቃል።

ረቡዕ፣ ሰንዳይ

የሰንዳይ ግንብ ተራራ ላይ ነው። በአንድ በኩል የሂሮሴ ወንዝ ገደል፣ በሌላው ጫካ። አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ያወጣል። ወጥታችሁ ግን ግንብ አትፈልጉ፤ የለም። የድንጋይ ካብ፣ ሜዳ፣ የፈረሰኛው ሐውልት እና ከተማው ቁልቁል።

መጀመሪያውኑም እዚህ ትልቅ ማማ ተሠርቶ አያውቅም። ሂዴዮሺ ከሞተ በኋላ በተነሣው የሥልጣን ጦርነት፣ በ1600፣ ማሳሙኔ በኋላ ሾገን ከሆነው ከቶኩጋዋ ኢዬያሱ ጎን ቆመ። ኢዬያሱ ካሸነፍን ርስትህን ከ1,000,000 ኮኩ በላይ የሚያደርስ መሬት እጨምርልሃለሁ ብሎ ጽፎለት ነበር። አንድ ኮኩ 150 ኪሎ ገደማ ሩዝ ነው፤ አንድ ሰው ለዓመት ያበላል ተብሎ ይታሰባል። ማሳሙኔ ግን አላርፍ አለ። በጦርነቱ ግርግር መሃል የጎረቤቱን የናንቡን አገር ዓመፀኞች ሲያስታጥቅ ተነቃበት። ተስፋው ቀረ። የመጨረሻ ድርሻው 620,000 ኮኩ ሆነ። ቀላል አይደለም፤ በአገሩ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ቢሆንም አንድ ሚሊዮን ተጽፎ እጅህ ላይ ካለ በኋላ 620,000 ያንገበግባል።

በ1601 ይህን ተራራ መሥራት ጀመረ። ማማ ያልሠራው ቶኩጋዋዎች እንዳይጠረጥሩት ነው ይላሉ። በበጎ ፈቃድ የሚያስጎበኙ አንዲት ሴትዮ አገኘሁ፤ ዕድሜያቸው 70ን ያለፈ ይመስለኛል። “እርስዎስ ምን ይላሉ?” አልኳቸው። “ገደሉን እይ፤ ይህን የመሰለ ገደል ያለው ሰው ማማ ምን ያደርግለታል?” አሉኝና ሳቁ። ሁለቱም ትክክል ይመስለኛል።

ሐውልቱ የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ በ1935 ቆመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብረት ተወሰደ። የዛሬው በ1964 የተሠራ ነው። በ2022 የመሬት መንቀጥቀጥ እግሩ ተሰብሮ አዘመመና ተጠግኖ ተመለሰ። ፈረሱ ላይ ያለው ሰውዬ ግን አንድ ዓይና አይደለም። ሁለቱም ዓይኖቹ አሉ። እንዲያ የሆነው በራሱ ኑዛዜ ነው። ከአባትና እናቱ የተቀበለውን ገላ ማጉደል ነውር ስለሚመስለው፣ ምስሌን ሁሉ በሁለት ዓይን ሥሩ ብሏል። በየመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው የሚቸበቸበው በዓይን መሸፈኛ የታሰረው ማሳሙኔ የኛ ዘመን ፈጠራ ነው።

ከተራራው ሥር የከተማው ሙዚየም አለ። ጥቁር ጥሩሩ እዚያ ነው። ከደረት አምስት የብረት ሰሌዳ፣ ከራስ ቁሩ ላይ ቀጭን ወርቃማ ጨረቃ። ጨረቃዋ እኩል አይደለችም፤ በቀኝ በኩል አጠር ትላለች። ሰይፍ ሲያነሣ እንዳትይዘው ነው ይላሉ። መስታወቱ ላይ ተለጥፌ ብዙ ቆየሁ። ጌጥ የለውም። ጥቁር ብቻ፣ ከዚያ ጨረቃዋ። ወደ ኮሪያ ሲዘምት በኪዮቶ መንገድ ላይ ያለፈው አጀቡ ከሁሉ ደምቆ ሕዝቡን አስጮኋል። ይህ ሰው ታዳሚ ምን ዓይቶ እንደሚደነግጥ ጠንቅቆ ያውቃል።

ስለ ዕለት ኑሮው ደግሞ አሽከሮቹ በዝርዝር ጽፈዋል። ጠዋት ይነሣል፣ ፀጉሩን ያስራል፣ ትምባሆውን ያጨሳል። ትምባሆ በሰዓት ነበር የሚያጨሰው። ከዚያ መጸዳጃ ክፍሉ ይገባል። እዚያ ውስጥ መጽሐፍና ቀለም መደርደሪያ አለ፤ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የዕለቱን ምግብ የሚወስነው እዚያ ተቀምጦ ነው። ለእንግዳ የሚቀርበውን ጌታው ራሱ ማዘጋጀት አለበት ብሎ ያምን ነበር። ጎራዴ ሲመዝ የኖረ ሰው ስለ ሾርባ ሲጨነቅ ማሰብ ደስ ይለኛል። ሚሶ የሚባለውን የአኩሪ አተር ድልህ በብዛት የሚያዘጋጅ መጋዘንም ግንቡ ሥር አቋቁሟል፤ የሰንዳይ ሚሶ እስከ ዛሬ በዚያ ይታወቃል። ሰንዳይ ስትመጡ ሁሉም ብሉ የሚላችሁ የበሬ ምላስ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ነው፤ ከማሳሙኔ ጋር ምንም አያገናኘውም። በላሁት፤ ግሩም ነው።

ኦሳኪ ሐቺማን መቅደስንም አየሁ። በ1607 ያሠራው ነው። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ቅብ (ላከር)፣ ከጣራው ሥር ወርቅ በወርቅ። ከጥሩሩ ጋር የአንድ ሰው እጅ እንደሆኑ ያስታውቃል።

ሐሙስ፣ ማጹሺማ

ከሰንዳይ 40 ደቂቃ በባቡር። ባሕሩ በጥድ የተሸፈኑ ትንንሽ ደሴቶች የሞሉበት ነው፤ 260 ገደማ ናቸው። ጀልባ ተሳፈርኩ። ውብ ነው። ጃፓኖች ከአገሩ ሦስት ምርጥ ቦታዎች አንዱ ይሉታል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም።

ዙይጋንጂ ገዳም ግን ሌላ ነገር ነው። ማሳሙኔ ከ1604 እስከ 1609 አሠራው። እንጨቱን ከሩቅ ደቡብ፣ ከኩማኖ አስመጣ። ውስጥ ፎቶ ማንሳት አይቻልም፤ ጫማ ታወልቃላችሁ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ወርቅ ነው፤ በላዩ ፒኮክና ጥድ ተስሎበታል። ለንጉሠ ነገሥት የተዘጋጀ ክፍልም አለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይመጣሉ ተብሎ ሳይሆን ቢመጡስ ተብሎ። ግቢው ውስጥ ከኮሪያ ያመጣቸው ሁለት የፕለም ዛፎች አሉ። ሂዴዮሺ ያዘዘው ያ ዘመቻ ለኮሪያ መከራ እንጂ ሌላ አልነበረም፤ ዛፎቹ ግን በየዓመቱ ያብባሉ።

ወደ ገዳሙ የሚያስገባው መንገድ ዳር የነበሩት አሮጌ ጥዶች ብዙዎቹ የሉም። በ2011ዱ ሱናሚ የባሕር ጨው ሥራቸውን አደረቀው። ሱናሚ ለማሳሙኔም እንግዳ አልነበረም። ታኅሣሥ 1611 ይህንኑ ዳርቻ መታው። በዳቴ ቤት መዝገብ 1,783 ሰው ሞቷል፤ በኢዬያሱ አደባባይ የተያዘው መዝገብ ደግሞ 5,000 ሰጠሙ ይላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግዙፍ መርከብ አስወነጨፈ። ነገ የምሄደው ወደዚያ ነው።

ከገዳሙ አጠገብ ኤንጹዪን አለ። በ19 ዓመቱ የሞተው የልጅ ልጁ የሚጹሙኔ መካነ መቃብር ነው። ባለ ወርቁ መንበር በሮች ላይ የተሳለውን ጠጋ ብዬ አየሁ። ጽጌረዳ። ቀጥሎ የመጫወቻ ካርታ ምልክቶች፣ ልቡም ዳይመንዱም። ይህ የተሠራው በ1640ዎቹ ነው፤ ክርስትና በሞት በሚያስቀጣበት፣ አገሩ ለውጭ ሰው በተዘጋበት ጊዜ። ጽጌረዳዋ ከአውሮፓ ከመጡ ዕቃዎች የተቀዳች ናት ይባላል። ቤቱ ለዘመናት ደብቆ ይዞታል።

ዓርብ፣ ጹኪኖዑራ

ከኢሺኖማኪ ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ በባሕሩ ዳር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ሹፌሩ ብዙ አያወራም። በየመታጠፊያው “ውሃው እዚህ ድረስ” እያለ በእጁ ያሳየኛል። ከ2011 ወዲህ ይህን ስንት ሰው አሳይቶ ይሆን?

ጹኪኖዑራ ትንሽ የዓሣ አጥማጅ ወደብ ናት። ከዚህች ነው በጥቅምት 1613 ሳን ሁዋን ባውቲስታ የተነሣችው። 500 ቶን ገደማ የምትሆን የአውሮፓ ዓይነት መርከብ። 800 መርከብ ሠሪ፣ 700 ቀጥቃጭ፣ 3,000 አናጢ ተረባርበውባታል ይላል መዝገቡ። የተሳፈሩት 180 ያህል ሰዎች ናቸው። መሪዎቹ ፍራንሲስካዊው አባ ሉዊስ ሶቴሎ እና የማሳሙኔ ሎሌ ሐሴኩራ ጹኔናጋ። መንገዱ በፓስፊክ ወደ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ስፔን፣ ከዚያ ሮማ። ዓላማው ከሜክሲኮ ጋር በቀጥታ መነገድ ነው። ማባበያው ደግሞ “ሚስዮናውያን ላኩልኝ”።

ሐሴኩራ ለምን ተመረጠ? አባቱ በዚያው ሰሞን በሙስና ተከሶ ሞት ተፈርዶበታል። ልጁም ርስቱን ሊያጣ ነበር። ቢመለስ ክብሩን ያስመልሳል፤ ቢቀር ለጌታው ኪሣራ የለውም። ማሳሙኔ ሰው መምረጥ ያውቅበታል። ጭካኔውም እዚሁ ላይ ነው።

ሐሴኩራ ተሳካለት ማለት ይቻላል። በ1615 ማድሪድ ላይ በንጉሥ ፊሊጶስ 3ኛ ፊት ተጠመቀ። በኅዳር ከጳጳስ ጳውሎስ 5ኛ ፊት ቀረበ። የሮማ ዜግነት ተሰጠው፤ የብራና ምስክር ወረቀቱ የሰንዳይ ሙዚየም ንብረት ነው። በስፔን ኮሪያ ዴል ሪዮ በምትባል ከተማ ዛሬም ሀፖን፣ ማለትም ጃፓን፣ የሚል የቤተሰብ ስም የያዙ ሰዎች አሉ።

እዚህ ወደቡ ጫፍ ቆሜ ያሰብኩት ግን ዐፄ ሱስንዮስን ነው። በዚያው በ1613 እሳቸውም መልእክተኛ ልከዋል፤ ለዚያው ንጉሥና ለዚያው ጳጳስ። ፍቁር እግዚእ የሚባል ሹም ከኢየሱሳዊው አባ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ጋር ከጎጃም ተነሥቶ በእናርያ፣ በጀንጀሮ፣ በከምባታ አድርጎ ማሊንዲ ወደብ ሊደርስ ሞከረ። አላባ ላይ ታግደው ተመለሱ። ሁለቱ ገዢዎች ስለ መኖራቸው እንኳ ሳይተዋወቁ በአንድ ዓመት አንድ በር አንኳኩ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሱስንዮስ በ1622 እምነቱን በይፋ ተቀበሉ፣ አገር ታመሰ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ማሳሙኔ? ራሱ ተጠምቆ አያውቅም። ነፋሱ ሲዞር እሱም ዞረ።

ሐሴኩራ በ1620 ሰንዳይ ሲገባ ሾገኑ ክርስትናን ካገደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ማሳሙኔ በቀናት ውስጥ በግዛቱ ክርስትናን የሚያግድ አዋጅ አወጣ። ሰባት ዓመት ባሕርና የብስ የተንከራተተ ሰው፣ የመጣለትን ሁሉ ይዞ ተመልሶ፣ የጠበቀው አዋጅ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። አባ ሶቴሎ በድብቅ ተመልሶ ገብቶ በ1624 ተቃጠለ። የሐሴኩራ ልጅም በ1640 ቤቱ ውስጥ ክርስቲያን አሽከሮች ተገኙ ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ማሳሙኔ ያኔ አልነበረም፤ ግን አዋጁ የእሱ ነው።

ለሱ አድልቶ መናገርም ይቻላል። ሾገኑን ቢቃወም ሰንዳይ ትጠፋ ነበር። ይህን ክርክር ሰምቼዋለሁ፤ ልክም ይሆናል። እኔ ግን ከሐሴኩራ ጋር ነኝ።

የመርከቧ ሙሉ አምሳያ በ1993 ተሠርታ ነበር። ሱናሚውን ተቋቁማ በኋላ አርጅታ ፈረሰች። አሁን ያለችው በአራት እጅ ያነሰች ናት፤ ልጆች ዙሪያዋን ይሯሯጣሉ።

ስመለስ ኢሺኖማኪ ላይ የኪታካሚን ወንዝ አየሁ። ይህ ወንዝ እዚህ የሚፈሰው በማሳሙኔ ትእዛዝ ነው። ካዋሙራ ማጎቤ የሚባል መሐንዲስ በ1616 እና በ1626 መካከል ወንዞቹን አገናኝቶ መንገዳቸውን አስቀየረ። ረግረጉ ማሳ ሆነ፤ ሩዙ በጀልባ ወርዶ ከኢሺኖማኪ በመርከብ ወደ ኤዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ ተጫነ። ጨረቃዋን ሁሉም ፎቶ ያነሣታል። ይህን ውሃ ማንም አያነሣውም፤ ቤቱን ለ250 ዓመት ያበላው ግን ይሄ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰንዳይ

ጠዋት ወደ ዋካባያሺ ሄድኩ። ማሳሙኔ ለእርጅናው በ1628 ያሠራው ግንብ ነው። ዛሬ እስር ቤት ነው። እውነቴን ነው፤ የሚያጊ እስር ቤት። የአፈር ካቡንና ጉድባውን ከውጭ በእግር መዞር ይቻላል፤ መግባት የሚፈልግ ወንጀል መሥራት አለበት። በዚህ ዘመኑ የጻፋት አጭር ግጥም አለች። ወጣትነት በፈረስ ላይ አለፈ፣ ዓለም ሰላም ሆነ፣ ሽበቱም በዛ ይላል። የተረፈችውን ገላ ሰማይ ምሯታል፤ ካልተደሰትኩባት ታዲያ ምን ላድርጋት? ይህን የጻፈ ሰው መትረፉ ራሱን እንደገረመው ይሰማኛል።

ከሰዓት ዙይሆዴን። መቃብሩ ነው። ደረጃው ረጅም ነው፣ ግራና ቀኙ ግዙፍ ጥድ። ላይ ስትደርሱ ቀለሙ ዓይን ይወጋል፤ ጥቁር፣ ወርቅ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። ልጁ ታዳሙኔ በ1637 ያሠራው በሐምሌ 1945 የአሜሪካ አውሮፕላን ድብደባ ተቃጠለ። ይሄኛው በ1979 ተጠናቀቀ።

ከመልሶ ግንባታው በፊት፣ በ1974፣ መቃብሩን ከፍተው አጠኑት። ቁመቱ 159 ሴንቲ ሜትር። የደም ዓይነቱ ቢ። የቀኝ ዓይኑ ጎድጓዳ አጥንት ምንም አልሆነም፤ በስለት ተቆፍሮ ወጣ የሚለውን ያላመንኩት ለዚህ ነው። ከአጠገቡ ጎራዴና ጥሩር ነበረ። እርሳስም ነበረች፤ ጣት የምታክል። በ1630ዎቹ ጃፓን ሁሉም በብሩሽ ሲጽፍ እሱ እርሳስ ነበረው! አብራው የምትቀበር ዕቃ ሆና የተመረጠችበትን ምክንያት ብቻዬን ሳሰላስል ቆየሁ።

ከመቃብሩ ግራና ቀኝ የድንጋይ ዓምዶች ተደርድረዋል። 20 ናቸው። ጌታቸው ሲሞት ተከትለውት ሆዳቸውን የቀደዱ ሰዎች ናቸው፤ 15ቱ የእሱ ሎሌዎች፣ 5ቱ የሎሌዎቹ ሎሌዎች። አንዱ ለማሳሙኔ ሞተ። ሌላው ለማሳሙኔ ለሞተው ሰው ሞተ። ጎብኚዎች ፎቶ አንሥተው ወደ ወርቁ ያልፋሉ።

ማሳሙኔ የሞተው እዚህ አይደለም። በ1636 ታሞ እያለ ለሾገኑ አገልግሎት ኤዶ ሄደ። ወጣቱ ሾገን ኢዬሚጹ እንደ አባት ያየው ነበርና መኖሪያው ድረስ መጥቶ ጠየቀው። ሚስቱ ሜጎሂሜ ልየው ብላ ለመነች። 57 ዓመት አብረው ኖረዋል። አይሆንም አለ፤ በሕመም የተጎሳቆለ ፊቱን ማሳየት አልፈለገም። በግንቦት 24 በእነሱ አቆጣጠር ሞተ። ሾገኑ ኤዶ 7 ቀን፣ ኪዮቶ 3 ቀን እንዲያዝኑ አዘዘ። ሬሳው እንዳይበላሽ በሜርኩሪ፣ በኖራና በጨው ታሸገ። የማዕረግ ልብሱን እንደለበሰ በቃሬዛ ጫኑት። አጀቡም በሕይወት ሳለ እንደሚሄድበት ሥርዓት፣ ጦረኛው በፊት፣ ፈረሰኛው በኋላ ሆኖ ሳምንት ያህል ተጉዞ ሰንዳይ ገባ።